ሕፃናትን ልግስናንና ረድኤትን ስለ ማስተማር

እጅግ ሩኅሩኅ፣ እጅግ አዛኝ በሆነው በአላህ ስም።

ምስጋና ሁሉ ሀብትን ለፈተና፣ ልጅንም ለአደራ ለሰጠን ለአላህ ይገባዋል። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

የተከበራችሁ ነጋዴዎች፣ አባቶችና እናቶች ሆይ! በቤቴልና በአካባቢዋ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ማልዳችሁ ወደ መርካቶ ትወርዳላችሁ፤ ስትመለሱም ልጆቻችሁ ተኝተዋል። የመድረሳውን ክፍያ ትከፍላላችሁ፤ ዘካችሁንም ከ40 አንድ አውጥታችሁ ትሰጣላችሁ። ነገር ግን ልጃችሁ እጃችሁ ሲሰጥ አይቶ ያውቃልን? ያላየውንስ እንዴት ይማራል?

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጅ ሐሰን ገና ሕፃን ሳለ፣ ከሰደቃ ተምር አንዲት ፍሬ ወደ አፉ ባደረገ ጊዜ እንዲተፋት አደረጉ፤ ቤተ ሰባቸው ሰደቃ የማይበላ መሆኑንም ነገሩት። ስለ አንዲት ተምር ሕፃንን ማስተማር ካልተናቀ፣ እኛ “ገና ልጅ ነው፤ ሲያድግ ይማራል” ማለታችን በምን ይጸናል?

ትምህርቱም በቃል ብቻ አይሁን። የረመዳን ወር ሲፈጸም አባት ስለ ትንሹ ልጁ ጭምር ፊጥራ ያወጣል። ልኩ በብዙዎቹ ዑለማእ ዘንድ አንድ ሷዕ፣ ማለት በመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ አራት እፍኝ እህል ነው። መምህሩ እህሉን በክፍል ውስጥ ይስፈር፤ ልጆቹም ይቁጠሩ። አባትም በቤቱ ከረጢቱን ልጁን አስይዞ ይስፈር፤ ከዒድ ሰላት በፊትም አብረው ለሚገባው ሰው ያድርሱ። ያን ጊዜ ልጁ በቤቱ እህል ውስጥ የሌላ ሰው ድርሻ እንዳለ ይረዳል።

በመድረሳው ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። የሰጪው ልጅና የተቀባዩ ልጅ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መምህሩ “የእገሌ ልጅ ይህን ያህል አመጣ” ብሎ ቢያስጨበጭብ፣ አንዱን ትዕቢት፣ ሁለተኛውን ኀፍረት አስተማረ እንጂ ልግስናን አላስተማረም። መመጻደቅና ማስከፋት ሰደቃን እንደሚያበላሹ ቁርኣን ሲያስረዳ፣ ዐፈር በለበሰ ለስላሳ ድንጋይ ይመስለዋል፤ ዶፍ ዝናም ሲወርድበት ዐፈሩ ታጥቦ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ የክፍሉ ሣጥን የተዘጋ ይሁን፤ ያለውም የሌለውም እኩል እጁን ያግባበት፤ ማን ምን እንደ ጨመረ ግን አይታወቅ።

የድኻውም ልጅ ሰጪ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰደቃ በእያንዳንዱ ሙስሊም ላይ እንዳለ፣ ገንዘብ ያጣ በእጁ ሠርቶ፣ ያም ቢያቅተው ችግረኛን ረድቶ፣ ይህም ባይሆንለት ከክፉ ተቆጥቦ እንደሚያደርሰው አስተምረዋል። እንግዲህ ተማሪዎች በተራ የውዱውን ቦታ ይጥረጉ፤ ዐይነ ስውሩን ሽማግሌ እጁን ይዘው ይምሩ፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ሳይለዩ የታመመ ጎረቤት ይጠይቁ። የባለጠጋውም ልጅ መጥረጊያ ከመያዝ አይቅር።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሶሓቦች በ615 ዓመት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ፣ ነጃሺ የቁረይሽን ገጸ በረከት መልሶ ስደተኞቹን አስጠግቷል። በወሎም ደረሳው ከቤቱ ርቆ ኪታብ ሲቀራ ያበላው የመንደሩ ሕዝብ ነበር። እኛ ዛሬ የምናስተምረው ዕውቀት ከእነዚያ ሰዎች እንጀራ ጋር የመጣልን ነውና፣ ዕዳውን በልጆቻችን እጅ እንክፈል።

አላህ የልጆቻችንን እጅ ለመስጠት የተዘረጋ፣ ልባቸውንም ከይዩልኝ የጸዳ ያድርግልን። አሚን።