የጠፋው ዕቃ ዕዳ የማን ነው?

በኦንላይን መደብር ዕቃ የመረጠ ገዢ ክፍያው ገጽ ላይ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ሳጥን ያገኛል። ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ፣ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ የሚክሰው መድን ይገዛ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ከሳጥኗ ጀርባ ያለው ሥራ ውስብስብ አይደለም። የመደብሩ ሶፍትዌር የዕቃውን ዋጋ፣ ዓይነትና መድረሻ በኤፒአይ (ሶፍትዌሮች መረጃ በሚለዋወጡበት መገናኛ) በኩል ለሦስተኛ ወገን መድን አቅራቢ ይልካል፤ ዓረቦኑ በቅጽበት ተሰልቶ ይመለሳል፤ ገዢው ሲከፍል ውሉ ይጸናል። ለምሳሌ በአሜሪካው የጭነት አገልግሎት በሺፖ ኤፒአይ፣ ገንቢው በጭነቱ መዝገብ ላይ የመድኑን መጠን፣ የገንዘቡን ዓይነትና የዕቃውን መግለጫ ቢያስገባ ይበቃዋል።

እነዚህ ጥቂት የኮድ መስመሮች ግን የሃይማኖት ሊቃውንትና የሕግ ሰዎች ለዘመናት የተከራከሩበትን ጥያቄ ይዘዋል። መንገድ ላይ የጠፋውን መሸከም ያለበት ማን ነው? ያንን ሸክምስ በገንዘብ ለሌላ ማሻገር ይገባል?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ነው። ነቢዩ ዮናስ የተሳፈረባት መርከብ በማዕበል ስትናወጥ መርከበኞቹ ጭነቱን ወደ ባሕር ጣሉት፤ የከሰረው ማን እንደሆነ ግን መጽሐፉ አይነግረንም። የሮማ ሕግ ለዚህ መልስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ533 በዮስጢንያኖስ ዘመን በወጣው የሕግ ስብስብ ውስጥ የተካተተው የሮድስ የባሕር ሕግ፣ መርከቧን ለማዳን የአንዱ ነጋዴ ጭነት ከተጣለ ንብረታቸው የተረፈላቸው ሁሉ አዋጥተው እንዲክሱት ያዝዛል። እዚህ ላይ አደጋን የሚሸጥም የሚገዛም የለም፤ አብረው የተጓዙት ጉዳቱን አብረው ይካፈሉታል።

ንግድ እየሰፋ ሲሄድ አደጋ ራሱን ችሎ ዋጋ ወጣለት፤ ክርክሩም ጠነከረ። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ እ.ኤ.አ. በ1234 ባወጡት የቀኖና ስብስብ መሠረት፣ ለባሕር ነጋዴ አበድሮ የጉዞውን አደጋ ስለተሸከመ ብቻ ጭማሪ የሚቀበል ሰው አራጣ እንደበላ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1347 ጄኖቫ ውስጥ የተጻፈውና እስከ ዛሬ ከተረፉት የባሕር መድን ውሎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሰነድ የወለድ አልባ ብድር መልክ አለው። መርከቧ በሰላም ከደረሰች ብድሩ እንዳልነበረ ይሆናል፤ ካልደረሰች በወረቀት ላይ ተበዳሪ፣ በተግባር ግን መድን ሰጪ የሆነው ሰው ገንዘቡን ይከፍላል።

ተመሳሳይ ጥያቄ የደማስቆውን የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቅ ኢብን ዓቢዲንንም ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1836 ያረፈው ይህ ሊቅ የአውሮፓ ነጋዴዎች ያመጡትን የባሕር መድን መርምሮ፣ ዕቃው በእጁ ሳይኖርና ጥፋቱም የእሱ ሳይሆን ካሣ ለመክፈል ቃል የሚገባ ሰው ሸሪዓ ያልጣለበትን ዕዳ እየተሸከመ ነው ሲል ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም ለትርፍ የሚሸጥ መድንን ከልክሎ በመተጋገዝ ላይ የቆመውን ፈቀደ። በዚህ መንገድ የሚሠራ የመድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ሱዳን ውስጥ ተቋቁሞ ነበር። አባላቱ የሚያዋጡት ገንዘብ ለተጎዳው አባል ይውላል፤ ከመንፈሱ ለእድር የቀረበ ነው።

እነዚህ ሊቃውንት በሕግም በእምነትም ይለያያሉ። ሁሉም ግን ገንዘቡ የምን ዋጋ እንደሆነ አጥብቀው ጠይቀዋል። ዛሬ ለክፍያው ገጽ መቅረብ ያለበትም ይኸው ጥያቄ ነው።

ሻጩ ዕቃውን አደርሳለሁ ብሎ ገንዘብ ተቀብሏል። ዕቃው ሳይደርስ ከጠፋ ዕዳው ቀድሞውንም የሻጩ ነው። ለዚህ ዕዳ ገዢው ዓረቦን እንዲከፍል ማድረግ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ በመርሕ ደረጃ ዕቃው ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ አደጋውን በነጋዴው ላይ ያደርጋል። አስቀድሞ ምልክት በተደረገባት ሳጥን የተወሰደ ተጨማሪ ክፍያም ለገዢው እንዲመለስ ያዝዛል። በአሜሪካ ወጥ የንግድ ሕግ ግን ሻጩ በተወሰነ ቦታ ለማስረከብ ግዴታ ካልገባ፣ አደጋው ዕቃው ለአጓጓዡ በተሰጠበት ጊዜ ወደ ገዢው ሊሻገር ይችላል። ሕጉ ክፍተት ሲተው ሸክሙ የሚያርፍበትን የሚወስነው መደብሩ ነው፤ ሳጥኗ ምልክት ኖሯት ወይም ባዶዋን እንድትታይ ኮዱን የጻፈው ባለሙያም የውሳኔው ተካፋይ ነው።

ይህ ሲባል ግን መድን ራሱ ነውር አይደለም። ብዙ ዕቃ የሚልክ አነስተኛ ነጋዴ በአንድ ውድ ዕቃ መጥፋት እንዳይወድቅ በዚያው ኤፒአይ መድን ገብቶ፣ ዓረቦኑንም እንደ ማሸጊያው ወጪ ራሱ ቢሸፍን ግዴታውን በቅንነት ተወጣ ማለት ነው። ለገዢው የሚሸጥ እውነተኛ መድንም አለ። ዕቃው በትክክል ከተረከበ በኋላ ከበራፍ ላይ ቢሰረቅ የሻጩ ቃል ተፈጽሟልና፣ ይህን የሚሸፍን ዓረቦን ለገዢው ያልነበረውን ነገር ይሰጠዋል። መደብሩ ሳጥኗን ባዶዋን ትቶ የሻጩ ግዴታ የቱ ጋ እንደሚያበቃና መድኑ ከየት እንደሚጀምር በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ሊያስቀምጥ ይገባል፤ የካሣ ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብም ገዢው ከመክፈሉ በፊት ማወቅ አለበት።