ሦስት ዓመት ትምህርት፣ አሥር ዓመት ዕዳ

 

የዛሬው ነገር በተለይ አሜሪካ ያላችሁትን ይመለከታል። ፊዚካል ቴራፒ (ሀገር ቤት ፊዚዮቴራፒ የምንለውን) ለመማር ተቀብለውሽ፣ "ብድሩን ልፈርም ወይስ ልተወው?" እያልሽ እንቅልፍ ላጣሽው እህቴ ነው የምጽፈው። ወንድሞችም ጉዳዩ ያው ነውና አብራችሁ አንብቡ።

ኒያሽ ያማረ ነው፣ ማሻአላህ። ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን የያዘባቸው እናት ራሳቸው ውዱእ እንዲያደርጉ፣ ቆመው እንዲሰግዱ መርዳት ቀላል ሥራ አይደለም። ግን ኒያው ስላማረ ሂሳቡ አይቀርም። "ሪዝቅ ከአላህ ነው" ብሎ ሳያሰሉ መፈረም ተወኩል አይባልም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሚናገረው ስለ ዕዳ መሆኑን አስታውሺ፤ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት የሚያዝ ነው። እንግዲያው እንጻፈው።

በአሜሪካ ፊዚካል ቴራፒስት ለመሆን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት የሚፈጅ የዶክትሬት ትምህርት ያስፈልጋል። በ2023 የመንግሥት መረጃ የሙያው መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 99,710 ዶላር ነበር። በዚህ ውስጥ ሃያ ዓመት የሠሩትም አሉበት። አዲስ ተመራቂ ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው።

እንበልና በየዓመቱ 40,000 ዶላር በ8 ከመቶ ወለድ ተበደርሽ። (በ2024/25 የፌዴራል የድህረ ምረቃ ብድር ወለድ 8.08 ከመቶ ነበር።) ወለዱ ገና ተማሪ ሳለሽ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ 120,000 የተበደርሽው በምረቃሽ ቀን 139,200 ሆኖ ይጠብቅሻል። በአሥር ዓመት ልጨርስ ካልሽ በወር 1,690 ገደማ ትከፍያለሽ፤ በድምሩ ከ200,000 በላይ። በ80,000 ሥራ ብትጀምሪ ከግብር በኋላ በወር እጅሽ የሚገባው ከ5,000 ዶላር ብዙም አይርቅም። ኪራዩ፣ መኪናው፣ ሀገር ቤት የምትልኪው ሁሉ ከዚያው ነው። "ዶክተር" የሚለውን ስም የሰማ ዘመድ ደግሞ የሐኪም ደመወዝ ነው የሚጠብቅብሽ!

ሕጉም ተቀይሯል። በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለውን ብድር አስቀርቶ፣ የፌዴራል ብድርን ለድህረ ምረቃ ተማሪ በዓመት 20,500 ዶላር፣ "ፕሮፌሽናል" ለሚላቸው ትምህርቶች ደግሞ 50,000 ላይ ገድቧል። ያንቺ ትምህርት ከየትኛው እንደሚመደብ ከትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ጠይቂ። የጎደለውን የሚሞላው የግል አበዳሪ ከሆነ፣ ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል እየሠሩ 120 ወር ከፍሎ ቀሪው የሚሰረዝበት ዕድል በዚያ ብድር ላይ አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ዕዳው ኪስሽን ብቻ ሳይሆን ማንን እንደምታክሚም ይወስናል። ስትጀምሪ ያሰብሽው የሰፈራችንን አሮጊትና ሽማግሌ ነበር። ብዙዎቹ ሜዲኬይድ ነው ያላቸው፤ ሜዲኬይድ ደግሞ ለክሊኒክ የሚከፍለው አነስተኛ ነው። በየወሩ 1,690 የሚጠበቅባት ልጅ የምትሄደው የተሻለ ወደሚከፍለው፣ ምናልባትም በአንድ ሰዓት ብዙ ታካሚ እያፈራረቁ ወደሚያሠሩበት ቤት ነው። አይፈረድባትም። ግን ያ ያማረው ኒያ የት ገባ?

ሪባውን እስካሁን ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። አብዛኞቹ ዑለማዎች በወለድ መበደርን አይፈቅዱም፤ ዶሩራ መኖር አለመኖሩን በየሰዉ ሁኔታ የሚመለከቱም አሉ። ፈትዋ ከፌስቡክ ገጽ አይወሰድም፣ ከእኔም ጭምር። ሁኔታሽን የሚያውቅ ዓሊም ጋ ሂጂ።

ግን "ሐራም ነው፣ ተይው" ብለን ወሬውን የምንዘጋውን እኛን ልጠይቅ። ነገ እናታችን ተሸፋፍና የምትታከምበት፣ ቋንቋዋን የምታውቅ ሴት ቴራፒስት ስንፈልግ ከየት ልትመጣልን ነው? ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ዑሉሙዲን ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረው፣ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ሲጎርፍ ሙስሊም ሐኪም የሌለበት ከተማ መብዛቱን ወቅሰዋል። ፈርድ ኪፋያ የጀማዓው ሁሉ ግዴታ ከሆነ፣ ሸክሙ የአንዲት የ23 ዓመት ልጅ ብቻ የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሁለት ዲናር ዕዳ ባለበት ሰው ጀናዛ ላይ አልሰግድም ያሉበትን ሐዲስ ታውቂዋለሽ። ብዙ ጊዜ የሚነገረን ተበዳሪውን ለማስፈራራት ነው፤ መፍራትም ይገባል። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ግን "ሁለቱ ዲናሮች በእኔ ላይ ናቸው" በሚል መንፈስ ዕዳውን በተሸከመው በአቡ ቀታዳ ላይ ነው። ለመስጂድ ምንጣፍና ለመኪና ማቆሚያ በአንድ ምሽት ገንዘብ የሚሰበስብ ጀማዓ ለሁለት ተማሪ ቀርድ ሐሰን ቢያበድር፣ እነሱ ሲከፍሉ ለሚቀጥሉት ሁለት ይዞራል። ኤ ኮንቲኒዩየስ ቻሪቲ የተባለው ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ለሙስሊም ተማሪዎች ያለ ወለድ ያበድራል፤ ስለዚህ ነገሩ ሕልም አይደለም።

እስከዚያው በምትኖሪበት ስቴት ያለውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዋጋ አወዳድሪ። የፊዚካል ቴራፒስት ረዳትነትንም አትናቂው፤ ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ ትምህርት ሲሆን መካከለኛ ደመወዙ በ2023 64,080 ዶላር ነበር። ታካሚውን ደግፎ የሚያስነሳው እጅ ብዙ ጊዜ የረዳቱ ነው። ኢስቲኻራሽን ስገጂ፤ ዛሬ ከጁሙዐ ሰላት በኋላም የመስጂድሽን ኢማምና ኮሚቴ አግኝተሽ ወረቀቱን ከነቁጥሩ አሳያቸው።