ስለ ማየትና ስለ መውሰድ

የሰው ልጅ ከፍጥረት የሚጠቅመውን ለመውሰድ እጁን ሲዘረጋ ልኩን ማወቅ እንደሚገባው ሃይማኖትም ሕግም ያስተምራሉ። ዛፍ የሚቈርጥ፥ አውሬ የሚያድን፥ ዓሣ የሚያጠምድ ሁሉ መጠን ተደርጎለታል፤ መጠኑን ቢያልፍም የሚወቅሰው አይታጣም። ዓይኑን ብቻ የሚዘረጋ ሰው ግን ልኩ ምንድን ነው? ያየ ሰው ምን ወሰደ ይባላል? ይህ ጥያቄ ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የፎቶግራፍ መሣሪያ በየሰው ኪስ በሚገኝበት በአሁኑ ዘመን ብዙዎቻችንን የሚነካ ስለ ሆነ፥ አንባቢ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

አሳቡ የተነሣብኝ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ፥ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ሐይቅ ነው። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በዳር በዳሩ በበቀለው ቄጠማና ፊላ ውስጥ የወፍ ዓይነት ብዙ ነው። ጥቁርና ነጭ ላባ የለበሰው ትንሹ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ በአየር ላይ ባንድ ስፍራ ይቆምና፥ ቍልቍል ተወርውሮ ዓሣውን በመንቈሩ ይዞ ይወጣል። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ከዛፍ ጫፍ ሆኖ ሲጮኽ የትዳር ጓደኛው ትመልስለታለች።

ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ግን ጣቶቹ እጅግ የረዘሙ፥ ግንባሩ ሰማያዊ፥ በውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል የሚራመድ አንድ ቡናማ ወፍ ነው። የዚህ ወፍ ሥርዓት ከብዙዎቹ የተለየ ነው፤ እንስቲቱ ዕንቁላሏን ጥላ ወደ ሌላ ወንድ ስትሄድ፥ ዕንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው አባትየው ነው። አደጋ ሲመጣም ጫጩቶቹን ከክንፉ በታች ሰብስቦ፥ እግሮቻቸው ብቻ ተንጠልጥለው እየታዩ፥ ተሸክሟቸው ይሄዳል።

አንድ ቀን ጧት በጀልባ ወደ ፊላው ጠጋ ብዬ የዚህን ወፍ ጎጆ አገኘሁ። በርጥብ ቅጠል ላይ አራት ዕንቁላሎች ነበሩ። አባትየው ተነሥቶ ራቅ አለ። ተመልሶ ሲቀመጥ ሥዕሉን አነሣለሁ ብዬ በዚያው ቆየሁ፤ እርሱም እኔ እስክሄድ ድረስ በሩቁ ቆመ። እርሱ ስለ ልጆቹ፥ እኔ ስለ ሥዕሌ፥ ሁለታችንም ጠበቅን። ፀሐይ እየበረታ ሄደ። ቀዛፊው ልጅ «ጋሼ፥ ይበቃናል፤ ወፉ ፈርቷል» ቢለኝ «ጥቂት ብቻ» አልሁት። በዚህ መካከል ቁራ ወርዶ አንዱን ዕንቁላል ሰበረው፤ ሁለተኛውንም ይዞ በረረ። አባትየው ያን ጊዜ እኔን መፍራቱን ትቶ እየሮጠ መጣና በቀሩት በሁለቱ ላይ ተቀመጠ። ሥዕሉንም አገኘሁ። ያዩት ሁሉ አመሰገኑት፤ አንድ ወዳጄም «የአባት ፍቅር» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ እውነት ነው፤ እኔ ግን ሥዕሉን ባየሁ ቍጥር የሚታዩኝ በውስጡ የሌሉት ሁለቱ ናቸው።

እርግጥ ነው፥ የፎቶግራፍ ጥበብ ለወፎች ምሕረት ሆኖ መጥቶ ነበር። ቀድሞ የወፍን መልክ ለመሳል የፈለገ ሰው አስቀድሞ ይገድለው ነበር። የአሜሪካን ወፎች በመሳሉ ስሙ የገነነው ጆን ጄምስ አውዱቦን እንኳ ወፎቹን በጠመንጃ እየገደለ፥ በሽቦ ደግፎ እያቆመ ነበር የሚስላቸው። በኋላ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ወንድማማቾች የወፍ ጎጆ ከነዕንቁላሉ ፎቶግራፍ አነሡ፤ በ1895 ዓ.ም.ም በፎቶግራፍ የተሞላ የወፍ ጎጆዎች መጽሐፍ አወጡ። ወፎቹ እንዳይሸሹም ከበሬ ቆዳ በተሠራ ሐሰተኛ በሬ ሆድ ውስጥ ተደብቀው ይጠብቁ ነበር። ጠመንጃ ይሠራው የነበረውን ሥራ ትዕግሥት ወረሰው።

ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች «አዳኝ ሥጋውን ይወስዳል፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ግን ጥላውን እንጂ ምንም አይወስድም» ይላሉ። እኔም በዚያች ጧት እንዲሁ አምን ነበር። ነገር ግን ጊዜውን ወስጄበታለሁ። ለእኛ ጊዜ ከሥራ የሚተርፍ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለወፍ ግን ጊዜ እንጀራው ነው፥ ጊዜ የልጆቹ ሙቀትና ጥላ ነው። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ትዕግሥትን ያስተምሩናል። ያ ዕንቁላል በእግሩ ይሄድ ዘንድ ግን የሚታቀፈው ሊኖርና፥ ታቃፊውንም የሚተወው ሰው ሊኖር ያስፈልጋል። የተቀረጸ የወፍ ድምፅ እያሰማ ወፉን ከዱር የሚያወጣ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ወፉ ርስቱን ሊቀማ የመጣ ጠላት ያለ መስሎት መብሉን ትቶ ከሌለ ባላጋራ ጋር ሲከራከር ይውላል።

ሁለተኛው ነገር እውነት ነው። በኬንያ አገር በባሪንጎ ሐይቅ የሞተ ዓሣ እንዲንሳፈፍ ቀላል እንጨት ይሻጥበትና ወደ ውኃ ይጣላል፤ ቀዛፊው ያፏጫል፤ ንስሩም ወርዶ ሲያነሣው ፎቶግራፍ ይነሣል። በዚህ ወፉ አልተጎዳም፥ እንዲያውም በልቷል፤ ቀዛፊውም የዕለት ጉርሱን አግኝቷል። ነገር ግን ሥዕሉን ያነሣው ሰው «ንስር ሲያድን» ብሎ ቢያሳየን በሐሰት መስክሯል። ሥዕል ምስክር ነውና፥ ከምስክር የሚፈለገው ያየውን ብቻ ሳይሆን ያየው እንዴት እንደ ሆነም መናገር ነው።

ሦስተኛውን ያስተማረኝ አባ ኮዳ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የሐዋሳ የዓሣ ገበያ አባ ኮዳ ራሱ የተመለጠ፥ እግሩ በገዛ ኩሱ የነጣ ሆኖ፥ እንደ ሽማግሌ ተክዞ በሰው መካከል ይቆማል። አጥማጆች የሚጥሉትን የዓሣ ሆድ ዕቃ እየለቀመ ስፍራውን ያጸዳል። ራሱ መመለጡም በድን ውስጥ ሲገባ ላባው እንዳይቆሽሽ ይረዳዋል፤ ኩሱም በሐሩር ጊዜ እግሩን ያቀዘቅዝለታል። ፎቶግራፍ ሲያነሡት አይሸሽም። ታዲያ መልኩን በፈቃዱ የሚሰጠንን «አስቀያሚ» ብለን ስናልፈው፥ የሚሸሸንን እስከ ጎጆው ድረስ እናሳድደዋለን። ፍቅራችን ለፍጥረት ከሆነ ይህን እንዴት እናደርጋለን? ምናልባት ያሳደድነው ወፉን ሳይሆን «አየሁ» መባልን ይሆናል።

እንግዲህ ማየት ይቅር ማለቴ ነውን? አይደለም። ጌታችን በወንጌል የሰማይን ወፎች እንድንመለከት አስተምሮናል፤ የማያያቸው ሰው ይህን ትምህርት ከወዴት ይማረዋል? ያላየውንስ ማን ይጠብቀዋል? ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ፥ እርስዋን እንዲለቅ ታዝዟል። መውሰድ ለተፈቀደለት እንኳ ልክ ከተደረገለት፥ ለማየት ብቻ የመጣ ሰው «እኔ ልክ የለኝም» ሊል አይችልም። የማየት ልኩም የሚታየው ነው፤ ወፉ ከጎጆው ሲነሣ ሰውየው በርቀቱ አላፊ ሆኗልና፥ ሥዕሉን ሳያገኝ ቢመለስም ምንም አልጎደለበትም። ያየውን በልቡ ይዞ ይሄዳል፤ ወፉም ልጆቹን ይዞ ይቀራል።

ያን ሥዕል ከግድግዳ ላይ ላወርደው አስቤ ነበር። ነገር ግን ጥፋቴን መሸሸግ ሌላ ሐሰት መስሎ ስለ ታየኝ ተውሁት። ወዳጄ ያወጣለትን ስም ፍቄ በስፍራው «አራት ነበሩ» ብዬ ጻፍሁበት። ሰዎች «እነማን?» ብለው ሲጠይቁኝ ታሪኩን ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ። ያ ቀዛፊ ልጅ ማንበብና መጻፍ ይወቅ አይወቅ አልጠየቅሁትም፤ በዚያች ጧት ግን የሐይቁን መጽሐፍ ከእኔ ይልቅ ያነበበው እርሱ ነበር።