የጣልነው ይፈርድብናል

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰዎች ሆይ ስሙ፤ በጀሞ ፎቆች የምትኖሩ፣ በለቡና በሃና ማርያም አጥር ያጠራችሁ፣ በመካኒሳና በጎፋ በአባቶቻችሁ ግቢ የተቀመጣችሁ ሁሉ አድምጡ። የምናገረው ከእናንተ ተለይቼ፣ ከዳር ቆሜ አይደለም፤ ከሳቱት እንደ አንዱ ነኝና ተግሣጹ ከአፌ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

ምንም ሳያባክኑ የመኖርን ሥርዓት አናውቅም ልንል አንችልም፤ በእናቶቻችን እጅ ሲፈጸም እያየን አድገናል። እንጀራ ቢሻግት እንጂ ቢደርቅ አይጣልም ነበር፤ ፍርፍር ይሆን ነበር፣ ከዚያም ቢተርፍ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ሆኖ ለመንገደኛ ስንቅ ይቀመጥ ነበር። ነጠላው ሲሳሳ የሕፃን መጠቅለያ፣ ሲቀደድ ማጥለያ፣ ሲበጣጠስ መወልወያ፣ በመጨረሻም የኩራዝ ክር ሆኖ ብርሃን እየሰጠ ያልቅ ነበር። የድልህ ጣሳው ኩራዝ፣ የወተት ጣሳው መስፈሪያ፣ የዘይት ጀሪካኑ ውሃ መቅጃ፣ ያረጀው በርሜል የከሰል ምድጃ፣ ያለቀው የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆን ነበር። አመዱ ድስት ይፈትግ፣ አተላው ለከብት ይቀርብ ነበር፤ ቡናው እንኳ ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጊዜ ሳይጠጣ አተላው አይደፋም ነበር። ይህንም ያደረጉት ስለ ድህነት ብቻ ነው አንበል፤ ጎተራው በሞላ ቤትም ይደረግ ነበርና። በዕቃ ሁሉ ውስጥ የሰው ድካም እንዳለ፣ ያንን ድካም መናቅም ሰውን መናቅ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ሃይማኖታችንስ ምን አስተማረን? ጌታ በ5 እንጀራና በ2 ዓሣ 5,000 ሰው ካጠገበ በኋላ፣ ከጥቂቱ ብዙ ማድረግ የሚቻለው እርሱ፣ ፍርፋሪው ምንም ሳይባክን እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። ነቢዩ ሙሐመድም ጫማቸውን በገዛ እጃቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይጥፉ እንደነበር ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከልጅነታቸው ይማራሉ፤ ቁርኣንም ብኩንነትን አጥብቆ ይገሥጻል። ተአምር የሚያደርገው ፍርፋሪ ካልናቀ፣ ነቢይ መርፌ ካልናቀ፣ እኛ በማን ሥልጣን ናቅን?

ነገር ግን ናቅን። ዘንቢል ይዞ ገበያ መውረድን የድሃ ምልክት አድርገን አፈርንበት፤ ሽንኩርቱን በአንድ ፌስታል፣ ቲማቲሙን በሌላ፣ ቃሪያውን በሦስተኛ አስቋጥረን ገብተን፣ ሦስቱንም ሳይመሽ ጣልናቸው። የተሰፋ ጫማ፣ የተጣፈ ክርን፣ የተጠገነ ወንበር እንግዳ እንዳያይብን ሰወርን፤ ጎረቤት ስለለወጠ ለወጥን፣ ጎረቤት ስለጣለ ጣልን። በሰርግ አዳራሽ ከምንበላው በላይ በሳህናችን ቆለልን፣ ግማሹን ትተን ተነሣን፤ የተረፈውም ቡሌ ተብሎ ለተራበ ወገን በገንዘብ የሚሸጥባት ከተማ ይህች የእኛ ከተማ ናት። ከዚህ የከፋ ውዳሴ ከንቱ ወዴት አለ?

የጣልነውን ሥርዓት ያነሡትን ደግሞ ዝቅ አድርገን አየናቸው። «ቁራሌው!» እያለ በፀሐይና በዝናብ ደጃችንን የሚያንኳኳው፣ በልዋጭ አሮጌ ልብሳችንን የሚቀበለው፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የወደቀውን ብረት ቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ የሚያወጣው፣ እነዚህ ሁሉ የአባቶችን ሕግ ጠባቂዎች ናቸው፤ እኛ ግን ልጆቻችን እንዲማሩ ስንሻ በእነርሱ ስም እናስፈራራለን። በረባሶውንም በጠላን ጊዜ፣ በጎረቤታችን በዘነበወርቅ ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ አጋማሽ ሶልሬብልስን አቋቁማ፣ ከአሮጌ ጎማ ሶል የሚሠራ ጫማ ለባሕር ማዶ ገበያ አበቃች። እኛ ያፈርንበትን ባዕዳን በውድ ዋጋ ገዙት፤ ይህስ አይወቅሰንምን?

የከበደውን ነገር ግን ገና አልተናገርሁም። በክፍለ ከተማችንና በኮልፌ ቀራንዮ አዋሳኝ፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲደፋበት የኖረው የረጲ ቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ በሥሩ በተጠጉት ጎጆዎች ላይ ወደቀ፤ ከ110 በላይ ነፍሳት፣ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት፣ በእኛ ጥራጊ ተቀበሩ። አገር ሦስት ቀን አዘነ፤ በአራተኛው ቀን ግን ሁላችንም እንደ ልማዳችን ፌስታላችንን አስረን ደጅ አወጣን። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅ ደግሞ፣ እሳቱ ይብላልን ብለን ኅሊናችንን አሳረፍን፤ የከተማችን ጥራጊ አብዛኛው ከማዕድ ቤት የሚወጣ እርጥብ መሆኑን፣ ያ እርጥብም ለእሳት የማይመች ለአፈር ግን ማዳበሪያ መሆን የሚችል መሆኑን ለማሰብ ሐኬት ያዘን። በክረምት ቦዩን የሚደፍነው፣ ትንሹን አቃቂ ተከትሎ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደው ሃይላንድም ከእኛው እጅ የወጣ ነው።

አዋጅ አልወጣም እንዳንልም፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ዳግመኛ የሚያገለግለውን ከሚጣለው መለየትን በእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ላይ አስቀድሞ ጥሎታል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አስፈለገን። እናቶቻችን ያለ አዋጅ የፈጸሙትን እኛ በቅጣት ካልሆነ የማንፈጽም ሆንን፤ ሕገ ልቡና ከቤታችን ወጥቷልና።

እንግዲህ እንመለስ፤ መመለሳችንም በቃል አይሁን። ዘንቢሉ ከተሰቀለበት ይውረድ፤ የደረቀው እንጀራ ይሰጣ፤ የአትክልቱ ልጣጭ ተለይቶ በግቢ ይቀበር፣ ግቢ የሌለው በአሮጌ ጀሪካን አፈር ሞልቶ ጎመን ይትከልበት፤ ጠርሙሱና ጣሳው ታጥቦ ይቀመጥ፣ ለእኛ ካልጠቀመም ንጹሕ ሆኖ ለቁራሌው በክብር ይሰጥ። ሊስትሮው ሳይሰፋው ጫማ አይጣል፤ ሰፊው ሳያየው ልብስ አይወገድ። ልጆቻችንም ሲጠገን ይዩ፣ መርፌና ክር ይያዙ፣ የሚጠግነውን ሰው ጋሼ ብለው ይጥሩ። ከዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም፤ ከአቅማችን በላይ የሆነም የለም። ስለዚህም ዛሬ ሰምተን ነገ እንደ ትናንቱ ብንጥል፣ በቆሼ ሥር ለቀሩት ነፍሳት የምንመልሰው ቃል አይኖረንም።