የሰገነቱ መከታና የጀልባው ገመድ

የጎማ ጀልባን ከውሃ ጎትቶ ተሳቢ ላይ መጫን የሃይማኖት ጉዳይ አይመስልም። የመጎተቻ ዊንቹን እጀታ የሚያዞር ሰው አጠገቡ ለቆመው ምን ግዴታ አለበት ብሎ ለሚጠይቅ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ዊንች የሰውን ጉልበት ያበዛል፤ ጀልባውን ከነሞተሩ በዝግታ ይስባል። ያ ሁሉ ጭነት የሚያርፈው ግን በገመዱ፣ በመንጠቆውና የዊንቹን ጥርስ በምትቆልፍ ትንሽ ብረት ላይ ነው። ብረቷ ካመለጠች እጀታው ወደ ኋላ ተሽከርክሮ ክንድ ሊሰብር ይችላል። የተወጠረ የብረት ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል። በሚነፋ ጀልባ ላይ ደግሞ የፊት ቀለበቱ ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ የተያያዘ በመሆኑ በግድ ከተጎተተ ሊላቀቅ ይችላል።

አጠገብ ለቆመ ሰው ያለው ግዴታ ጥንታዊ መሠረት አለው፤ ኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሰው ከላይ ወድቆ የደም ዕዳ እንዳያመጣበት። የአይሁድ ሊቃውንት ትእዛዙን በሰገነት ብቻ አልወሰኑትም። የሊቃውንቱን ውይይት በያዘው በታልሙድ ረቢ ናታን ተናካሽ ውሻንና የተናጋ መሰላልን ጨመረበት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሊቁ ማይሞኒደስ ለሕይወት የሚያሰጋውን እንቅፋት ሁሉ አካተተ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ራሱ ትእዛዝ ነው። ያረጀ የዊንች ገመድም ከተናጋው መሰላል በምንም አይለይም። «እግዚአብሔር ይጠብቃል» ብሎ ልጆችን በገመዱ አቅጣጫ ማቆም በፈጣሪ መታመን ሊባል አይገባም።

ጀልባው ተሳቢው ላይ ከወጣ በኋላም ግዴታው ይቀጥላል። ዊንቹ ብቻውን ለመንገድ አይበቃም፤ የጀልባው ፊት በሰንሰለት፣ ኋላው በቀበቶ መታሰር አለበት። ከኋላ የሚነዳው የማይታወቅ ሰውም መከታው ይገባዋል።