መሣሪያና ምሕረት

ከመካከላችን የጦር መርከቦችን ስም እንደ ኳስ ተጫዋች የሚደረድር አይጠፋም። አንዱ «ያማቶ!» ይላል፤ የመድፏ አፍ ስፋት 46 ሳንቲ ሜትር። ሌላው «ናውቲለስ!» ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በበረዶ ሥር ሾልካ ሰሜን ዋልታ የደረሰችው። «ይኼ ሁሉ የመግደያ ዕቃ አይደለም እንዴ?» ያለ እንደሆነ መልሱ ዘወትር አንድ ነው፦ «መሣሪያ ምን አደረገ? ክፉም ደግም ሰው ነው።»

ይህ አባባል እውነት ነውን? እስቲ በአንዲት ሰርጓጅ መርከብ እንመርምረው።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1942 ማታ፣ የጀርመኗ ዩ-156 ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ርቃ፣ ላኮኒያ የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ በቶርፔዶ መታች። አዛዡ ቬርነር ሃርተንስታይን በጨለማው ውስጥ የጣሊያንኛ ጩኸት ሰማ። ለካስ መርከቧ 1,800 ያህል የጣሊያን ምርኮኞች ጭና ኖሯል፤ የጀርመን ወዳጅ አገር ልጆች! ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባት።

ሰውየው ከባሕር ያወጣ ጀመር፤ ኋላም ጣሊያን እንግሊዝ ሳይል። ያለበትን ቦታ በግልጽ እንግሊዝኛ በሬዲዮ ተናግሮ፣ ካልመቱኝ ለርዳታ የሚመጣውን አልመታም አለ። ለ50 ሰው ያህል በተሠራች ሰርጓጅ 200 ያህል አሳፈረ፤ ሌላ 200 ያህል በጀልባ አስከትሎ ጎተተ። የቀይ መስቀል ባንዲራም ዘረጋ። ሴፕቴምበር 16 ቀን የአሜሪካ አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጣለበት። ገመዱን ቆርጦ፣ ያወጣቸውን ወደ ባሕሩ መልሶ ጠለቀ። በማግስቱ የበላዩ ዶኒትዝ ሰርጓጆች ከእንግዲህ ማንንም እንዳያድኑ አዘዘ። የፈረንሳይ መርከቦች ደርሰው በጠቅላላው ከ1,000 በላይ ሰው ተረፈ። ዩ-156 ግን በማርች 1943 ከነሠራተኞቿ ሰጠመች።

ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንላለን። እዚህ ላይ ግን ገደደ። ለተራ መርከብ ሰው ማዳን ጊዜና ስንቅ ያስከፍላል፤ ለሰርጓጅ ግን ነፍሷን። ጋሻዋ መደበቅ ነዋ! ላይ ወጥታ፣ ቆማ፣ «እዚህ ነኝ» ብላ ስትጣራ ዕርቃኗን ናት። እንግዲህ መሣሪያው ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። መግደልን ያረክሳል፤ ምሕረትን ያስወድዳል።

ታዲያ ሰውየው ነፃ ነው ማለት ነው? አይደለም። ቶርፔዶውን የተኮሰው ያው ያዳነው እጅ ነው፤ ማዳኑ የሰጠሙትን አይመልስም። ነገር ግን አራት ቀን ሙሉ ውዱን ዋጋ መክፈሉ መሣሪያ ይገፋፋል እንጂ እንደማያስገድድ ያሳያል። የዶኒትዝ ትእዛዝ ክፋቱም ይኸው ነው፤ የመሣሪያውን ግፊት ሕግ አደረገው። ትናንት ከባድ የነበረው ምሕረት በማግስቱ እንቢተኝነት ሆነ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ ከእኛ መካከል መሐንዲስ አለ፣ ሹምም አለ። አንድ ዕቃ ስንሠራ ወይም ደንብ ስናወጣ «ማን ይይዘዋል?» ብለን ብቻ አንለፍ። ለያዘው ሰው ምኑን ያቀልለታል፣ ምኑንስ ያከብድበታል? የመርከቦቹ አድናቂዎችም በዚህ ሚዛን አንድ ጊዜ ቢመዝኗቸው ምን ይመስላችኋል?