በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

መከራ የተደራረበበትን ሰው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንለዋለን። ለብዙዎች ተረት ነው። ጋይንት ተወልዶ ላደገ ግን እንቅርት የአያቱ አንገት ነው። የእኔ አያት እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዘው ኖሩ፤ ጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው ስለነበሩ እኛ ልጆቹ አሮጊት ሁሉ የሚያወጣው ይመስለን ነበር። ስማዳና እስቴ ያሉ ዘመዶቻችን ዘንድ ስንሄድም ያንኑ ነበር የምናየው።

እኔ የታመምኩት በሌላ መልክ ነው። አንገቴ አላበጠም፤ ደከመኝ፣ በረደኝ፣ ፀጉሬ ረገፈ። ለፈጅር መነሳት ሲያቅተኝ ኢማኔ የደከመ መሰለኝ፤ አንዲት ዘመዴም ይህንኑ ነገረችኝ። ቀጥሎ ጣቶቼ ላይ ለምጽ ወጣ፤ እጄን ከመጨበጥ የሚሸሹ አየሁ። ከዚያ ደም ማነስ ተከተለ። ሁለት ዓመት ለታይፎይድና ለጨጓራ ስታከም ቆይቼ በመጨረሻ አንድ ሐኪም የታይሮይድ ዕጢዬን አስመረመሩኝ። ሦስቱም ደዌዎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው አሉኝ፤ ከበሽታ ሊጠብቀኝ የተፈጠረው መከላከያ የገዛ አካሌን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየወጋ ነበር። የዕጢውን ሕመም ጃፓናዊው ሐኪም ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 በአራት ሴቶች ላይ አይተው ጻፉት፤ ሰውነት በራሱ ላይ የሚያነሳው ጦር መሆኑ የታወቀው ግን በ1956 ነው።

እናቴ ይህን ስሰማት «ጨው አጥተሽ ነው» ብላ አዮዲን ያለው ጨው ላከችልኝ። የእናት ነገር! ነገር ግን የእኔን በሽታ ጨው አያድነውም፤ እንዲያውም አዮዲን ከመጠን ሲያልፍ ሊያብሰው ይችላል። የአያቴን ግን ያድነው ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ከዚህ ላይ ይነሳል። «ለምን ታመምኩ?» ብሎ መጠየቅ ሰብር ማጣት ነውን? «ከአላህ ነውና ዝም በይ» ያሉኝ ጥቂት አይደሉም። ከአላህ መሆኑን አልክድም። ዑመር (ረ.ዐ.) ሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ሲመለሱ አቡ ዑበይዳ ይህ ከቀደር መሸሽ እንዳይሆን ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም መመለሱ ራሱ ከቀደር እንደማይወጣ አስረዱ። ታዲያ ምክንያትን መፈለግ ከቀደር እንዴት ይወጣል?

የአያቴ «ለምን» መልስ አለው። የደጋውን አፈር ዝናብ ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል፤ እህሉም አያገኘውም። ከአፋር በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌም አይተካውም። እርጉዝ እናት አዮዲን ስታጣ ደግሞ ጉዳቱ አንገት ላይ አይቀርም፤ የፅንሱን አእምሮ ይነካል። ከኤርትራ ወደቦች ይመጣ የነበረው አዮዲን የተጨመረበት ጨው በ1998ቱ ጦርነት (እ.ኤ.አ.) ሲቋረጥ ቦታውን የአፍዴራ ጨው ያለ አዮዲን ያዘው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው፤ በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 15 ያህል ነበሩ፤ በ2016 ወደ 89 ደረሱ። እንግዲህ በመካከል ያለፉት ዓመታት ቀደር ብቻ ናቸው? ወይስ የሰው እጅም አለበት?

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ሄጄ ገበያ ላይ ከከረጢት እየሰፈረ የሚሸጥ ነጋዴ ጠየቅሁ። «አዮዲን አለው?» «ጨው ጨው ነው እህቴ» አለኝ። ጁምዓ ከወንድሜ ጋር የሚሰግድ ሰው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥቡን ከሥር የደበቀውን ነጋዴ መገሠጻቸውን ላስታውሰው አሰብኩና ተውኩት። ምናልባት እሱም አያውቅ ይሆናል። ቢያውቅስ ኖሮ? የእርጥቡን እህል ገዢው ቤቱ ሲደርስ ያውቀዋል፤ የጨውን ጉድለት ግን የሚያሳየው ገና ያልተወለደ ልጅ ነው።

የእኔ «ለምን» ግን የሚከሰስ ሰው የለውም። ደንብ አውጪም ነጋዴም አላጠፋም። ለዚህ ነው ከአያቴ በሽታ ይልቅ የከበደኝ፤ ቁጣዬን የማሳርፍበት አጣሁ። መጀመሪያ ራሴን ከሰስኩ፤ ቡዳ ነው ያሉኝንም ሰማሁ፤ ሩቅያም አስቀራሁ፤ ልቤ ረጋ፣ የደም ምርመራው ግን አልተለወጠም። ሰብር የሚባለውን የተማርኩት ምናልባት እዚህ ላይ ነው፤ መልስ ያለውን ጥያቄ በዝምታ ለመሸፈን ግን አልተጠቀምኩበትም።

አሁን በየቀኑ አንዲት ፍሬ ሌቮታይሮክሲን እወስዳለሁ። በባዶ ሆድ ነውና በረመዳን ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ። እናቴ እኔ ዘንድ ከሆነች አብራኝ ትነሳለች። ቡናም መድኃኒቱን ያውካል ስለተባለች ጀበናዋን አፍልታ ሳትቀዳ አስቀምጣው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ትጠብቃለች።